የእናቶች ኩሬ

ረቡዕ፣ ኅዳር 18 ቀን

ለምወድሽ እማዬ፣

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ከዚህ በፊት ሦስት ወረቀት ጀምሬ ቀድጃለሁ። አንደኛው ላይ «እንደምን ሰነበትሽ፣ እኛ ደህና ነን» ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሳነበው አፈርኩ። ደህና አይደለንማ። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ልበለው። አንድ ነገር አጥፍቻለሁ፤ በእኔ ጥፋት ደግሞ መረብ ሰፊው ጋሽ ቋጠሮ እየተቀጡ ነው። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። አባዬም አያውቅም።

ይኸው ጻፍኩት። ፊደሎቼ ተንጋደው ብታዪያቸው አትሳቂብኝ።

የምጽፍልሽ መኖ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ድሮ በዚህ ሰዓት መኖ የምንበትንበት ነበር፤ አሁን የሚበላ ስለሌለ ጊዜ ተርፎኛል። በመስኮቱ ሁለቱም ኩሬዎች ይታዩኛል። ትልቁ ኩሬ ውሃው ተለቆ ጭቃው ተሰነጣጥቋል፤ ኖራ ስለተበተነበት ነጭ ሆኗል። የሚፈለፍሉት ዓሦች የነበሩበት የእናቶች ኩሬ ውስጥ ግን ውሃ አለ። ዓሣ የለም፤ ውሃው ብቻ ነው ያለው። አባዬ ሊለቀው ሦስት ቀን ሄዶ ሦስት ቀን ተመለሰ። እጁ እምቢ አለው መሰለኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው፣ ትልቁ ኩሬ ውስጥ ያሉት ዓሦች መኖ ሲበተንላቸው መምጣት አቆሙ። የእግራችንን ኮቴ ሲሰሙ ውሃው እንደሚፈላ ድስት እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ያን ቀን መኖው ተንሳፎ ቀረ። አባዬ «ጠግበው ነው» አለ። በማግስቱ አንዳንዶቹ ጠርዝ ላይ መጥተው አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆሙ፤ እጄን ብሰድ እንኳ አይሸሹም። ቆዳቸው ጠቁሯል። የአንዱ ዓይን ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሥራ አንድ ነጭ ሆድ ተንሳፎ አገኘሁ። በአምስተኛው ቀን መቁጠር ትቼ በጋሪ ማመላለስ ጀመርን።

አባዬ መጀመሪያ «ውሃው ነው» አለ። ቀጥሎ «መኖው ነው» አለ። ቀጥሎ «ሙቀቱ ነው» አለ። ከዚያ ዝም አለ። የአባዬን ዝምታ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ስለ ወይዘሮ ልንገርሽ። መቼም አልረሳሻትም። ጅራቷ ጫፍ ላይ ጥርስ የገባበት የሚመስል ቁርጥ ያለባት፣ አንቺ ከጫጩትነቷ በመዳፍሽ እያበላሽ ያሳደግሻት። «መንገድ ላይ ሰው ሰላም እስኪላት የምትጠብቅ ትመስላለች» ብለሽ ወይዘሮ አልሻት። አባዬ እስከዛሬ አይለያትም። «ዓሣ ዓሣ ነው፣ ፊት የለውም» ይላል። እናቶቹን አንድ በአንድ የምናውቃቸው እኔና አንቺ ብቻ ነን፤ አንቺ ከሄድሽ ደግሞ እኔ ብቻ።

በክረምት ወይዘሮ ከሳች። እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስትሰነብት እህል አትቀምስም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከመጠን በላይ ከሳች። ሌሎቹም ይነክሷት ጀመር። ትልቁ ኩሬ ሰፊ ነው፣ ትረፍበት ብዬ አዛወርኳት። አንቺም እንደዚያ ታደርጊ ስለነበር ለአባዬ መንገር አላስፈለገኝም። እንግዲህ በሽታው ትልቁ ኩሬ ውስጥ ሲገባ ወይዘሮ እዚያው ነበረች።

በአራተኛው ቀን አባዬ ኖራ ሊያመጣ ከተማ ወረደ። ቀትር ላይ ነው። ፈለግኳት፤ ውሃ መግቢያው ጥግ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ዓይኗ ጥርት ያለ ነው። ቅርፊቷ ለስላሳ ነው። አጠገቧ ሁለት ሞተዋል፤ እሷ ግን ደህና ናት። ባልዲ አመጣሁና በእጄ ያዝኳት፤ አልታገለችኝም። ከትልቁ ኩሬ እስከ እናቶች ኩሬ ስልሳ ሦስት እርምጃ ነው። ባልዲውን ተሸክሜ ስሄድ ሰው በር እንደሚያንኳኳ በጅራቷ ጎኑን ታንኳኳ ነበር። ስለቃት ሳትቸኩል ሄደች፣ ያው እንደ ልማዷ። «እዚህ ቆዪ» አልኳት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እራት ላይ አባዬ «ምን ተገኘ ሬዲዮ?» አለኝ። እንደድሮው ነው የሚጠራኝ፤ አፌን ስለማልከፍት ለማሾፍ።

ለምን እንዳዛወርኳት አንቺ ሳትጠይቂኝ አልቀርም። ልጻፈው ወይስ አልጻፈው እያልኩ ነው። አውቶቡሱ ጋ የሸኘንሽ ቀን ጆሮዬ ላይ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? «ወይዘሮ ሦስት ጊዜ ብትፈለፍል ነው፤ ከዚያ እመጣለሁ። ጠብቂያት» አልሽኝ። አራት ጊዜ ፈለፈለች። ያልነገርኩሽ እየቆጠርኩብሽ እንዳይመስልሽ ነው። ሥራው እንደበዛብሽ፣ የምታስታምሚያቸው አሮጊት ለብቻቸው የሚተዉ እንዳልሆኑ ጽፈሽልኛል። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ስምንት መስመር ነበር። ግን ወይዘሮ እስካለች ድረስ ነገሩ አላለቀም ብዬ አስብ ነበር። ይኸው ነው። የልጅ ነገር ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን የእናቶች ኩሬ ውስጥ የመጀመሪያዋ እናት ሞተች።

በመሃል ጋሽ ቋጠሮ መጥተው ነበር። የሁለቱም ኩሬ መረብ ተቀዶ ስለነበር አባዬ ራሱ ነው የጠራቸው። ጠዋት የትልቁን ኩሬ መረብ ሰፉ፤ ከሰዓት የእናቶችን። በመሃል እጃቸውን እስከ ክንዳቸው በኖራ ውሃ ታጠቡ፣ መርፌያቸውን ነከሩ፣ ቦት ጫማቸውንም አጠቡ። ውሃውን ያፈሰስኩላቸው እኔ ነኝ። «አፍስሺ፣ አፍስሺ፣ ዛሬ እንደ ሙሽራ ነው የምታጠበው» እያሉ ያስቁኝ ነበር። አንቺም መረብ መስፋት የተማርሽው ከእሳቸው እንደሆነ እንደገና ነገሩኝ። «እናትሽ ቋጠሮ ስታጠብቅ ምላሷን ትነክስ ነበር» አሉኝ።

እናቶቹ መሞት ሲጀምሩ አባዬ አስጠራቸው። ጋሽ ቋጠሮ ሥራ የተገኘ መስሏቸው የመርፌ ከረጢታቸውን ይዘው መጡ። አባዬ የግቢውን በር ሙሉ ለሙሉ እንኳ አልከፈተላቸውም።

«እጅህ ነው!» አላቸው። «ከዚያ ኩሬ ወደዚህ ኩሬ በእጅህ አሻገርከው!»

እማዬ፣ አባዬ ዕድሜ ልኩን «አንቱ» ነበር የሚላቸው። ያን ቀን «አንተ» አላቸው። ጋሽ ቋጠሮም ሰምተውታል፤ ዓይናቸው ሁለቴ ርግብ አለ።

«ታጥቤያለሁ ወንድሜ» አሉ። «መርፌውንም በኖራ ነክሬያለሁ፣ ቦት ጫማዬንም አጥቤያለሁ።»

«ማን አየ?»

«ይቺ ናት ያየችው።» ወደ እኔ ዞሩ፤ ፈገግ እንኳ ብለዋል። «እስኪ ሬዲዮ፣ ዜናውን አሰሚን።»

እኔ የጫማዬን ጫፍ አየሁ።

ለምን እንደሆነ አሁንም ስጠይቅ እውላለሁ። «አዎ ታጥበዋል» ማለት ቀላል ነበር። ግን «ታጥበዋል» ካልኩ አባዬ «ታዲያ በምን ገባ?» ይላል። ያን ጥያቄ ነው የፈራሁት። አፌ ውስጥ ቃሉ ነበር፤ ጥርሴን ገጠምኩበት።

«ይኸው» አለ አባዬ። «ምስክርህም ዝም አለች።»

ጋሽ ቋጠሮ ትንሽ ቆመው አዩኝ። አልተቆጡም። ከረጢታቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው «ልጅቷን አታስጨንቃት» ብለው ሄዱ። ይህን ብቻ ነው ያሉት።

ከዚያ ወዲህ አባዬ ለዓሣ አርቢዎች ማህበር ተናገረ። አሁን ማንም ወደ ኩሬው አያስጠጋቸውም። ልጆች ሳይቀሩ ሲያልፉ «እጅህን ታጠብ!» ይሏቸዋል። መንገድ ዳር ተቀምጠው ጆንያና ቦርሳ ይሰፋሉ፤ ያውም ጆንያ የሚያሰፋ ስንት ሰው አለ?

ከሦስት ሳምንት በፊት ማህበሩ የዓሣ ሐኪም አስመጣ። ወፍራም መነጽር ያላት፣ ወጣት ሴት ናት፤ በረዶ የሞላ ሳጥን ይዛ መጣች። እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ መኖ በምንመዝንበት ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ አንጥፋ ጓንቷን አጠለቀች። ዙሪያዋን አየችና «ጽሑፉ የሚነበብ ማን አለ?» አለች።

አባዬ «ይቺ ናት። ሰባተኛ ክፍል ነው የተወችው፣ ግን ፊደሏ ልቅም ያለ ነው። አትናገርም እንጂ ትጽፋለች» አላት።

«ጎሽ፣ እኔ የምፈልገውም እንደዚያ ያለ ሰው ነው» አለች። ሃያ ትንንሽ ብልቃጥና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። እየቆረጠች የምትጠራልኝን እኔ ብልቃጡ ላይ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ በዚያው ጠዋት የሞተች አንዲት እናት ከፈተች። አባዬ በሩን ተደግፎ «ዶክተር፣ ዓሣ የሚገማው ከጭንቅላቱ ነው፣ እዚያ ይጀምሩ» አለ፤ ለመቀለድ ያህል ነው። እሷም ሳትዞር «ይሄ በሽታ ግን በስንጥቡ ነው የሚጀምረው አባት» አለችው። ስንጥብ የምትለው ያን ከጉንጫቸው ሥር ያለውን፣ ቀይ ማበጠሪያ የሚመስለውን፣ የሚተነፍሱበትን ነው። በወረንጦ ገለጠችና አሳየችኝ። ቀይ መሆኑ ቀርቶ የታጠበ ጨርቅ መስሏል።

ከዚያ ሁሉንም እየነገረችኝ ነበር የምትሠራው። ለአባዬ ሳይሆን ለእኔ። ቫይረሱ በውሃው ይመጣል፤ ከታመመው ዓሣ ቆዳና ኩስ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ዓሣው መተንፈሱ አይቀርም፤ ስለዚህ በስንጥቡ ይገባል። የስንጥቡ ግድግዳ ስስ ነው፤ ከበስተጀርባው ደም አለ። ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ የማይደርስበት ቤት የለም። በመጀመሪያ የሚያርፈው ደም በሚሠራበትና በሚጣራበት ነው፤ ጣፊያና ኩላሊት። የዓሣ ኩላሊት እንደ ሰው ሁለት ፍሬ አይደለም እማዬ፤ ከአከርካሪው ሥር የተለጠፈ ጥቁር ቀይ ጥብጣብ ነው። እዚያ ይባዛል። ከዚያ ጉበት። ጉበቱን ስታወጣው የነካችው ቦታ ሁሉ እንደ ራሰ ዳቦ ይፈርስ ነበር። ከዚያ ልብ። በመጨረሻ አንጎል። «አንጎል ሲደርስ ነው መዋኘት የሚጠፋባቸው፣ ዞረው ዞረው የሚወድቁት» አለችኝ። የጭንቅላቱን አጥንት በመቀስ ጫፍ ስትከፍተው አንጎሉ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፤ ላዩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለበት።

እኔ እጽፋለሁ። ስንጥብ። ጣፊያ። ኩላሊት። ጉበት። ልብ። አንጎል።

አንቺ «እግዜር ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን ያውቃል» ትይ ነበር። ኩላሊት ምን እንደሚያመላልስ አይገባኝም ነበር። ያን ቀን ብልቃጡን በእጄ ይዤ ሳየው ፈራሁት። የተነገረብኝ መሰለኝ።

ቀጥሎ ሐኪሟ «አሁን ደግሞ አንዲት ደህና የምትመስል ስጡኝ» አለች። «ያልታመመችዋን ካላየሁ የታመመችዋ አትገባኝም።»

ኩሬው ውስጥ በሕይወት የቀሩት አምስት ነበሩ። አባዬ መረብ ጣለ። ያወጣው ወይዘሮን ነው።

«አይ፣ እሷን አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለማለት እኮ እሷን ማወቄን መናገር አለብኝ፣ እሷን ማወቄን ከተናገርኩ ደግሞ የት እንደነበረች መናገር አለብኝ። አንዱ ቋጠሮ ሌላውን ይስበዋል።

አፏን በእንቁላል ሞልታ ነበር እማዬ። አምስተኛ ጊዜዋ ነው። መረቡ ውስጥ ስትገለባበጥ አፏን ከፈተችና እንቁላሎቹን ተፋቻቸው፤ እንደ ቢጫ ዶቃ ሣሩ ላይ ተበተኑ። አባዬ «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት እናት ናት፣ ልጆቿን የምትተፋ!» አለ። አንድ ሁለቴ ወደ ግቢው በር አየ፤ በሩ ላይ ማንም የለም።

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ እንቁላሎቹን አየች። «አይፍረዱባት» አለች። «አፏም መተንፈሻዋም አንድ መንገድ ነው። ስንጥቧ ሲጎዳ ወይም ሲያስደነግጧት ትንፋሽ ያጥራታል፤ አፏን በልጆች ሞልታ መተንፈስ አትችልም። ስለዚህ ትለቃቸዋለች። ጠልታቸው አይደለም፤ አየር አጥሯት ነው።»

ይህን ስትል እኔ አንዱ ብልቃጥ ላይ «ጣፊያ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

ለምን ይህን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም። ስለ ዓሣ ነው። ግን ሐኪሟ ያለችውን ቃል በቃል እንድታውቂው ፈለግኩ።

ወይዘሮ ቀስ ብላ ነው የሞተችው። ሐኪሟ መድኃኒት ያለበት ባልዲ ውስጥ ስላስተኛቻት አልተሠቃየችም። ስትከፈት ውስጧ ያማረ ነበር። ስንጥቧ ቀይ፣ ጉበቷ ያልፈረሰ። አባዬም «አዩ፣ ይቺ ንጹሕ ናት» አለ። ስድስቱንም ብልቃጥ ጻፍኩላት። በእያንዳንዱ ላይ «ደህና የምትመስል» ብዬ እንድጽፍ ነገረችኝ፤ «ደህና» አላለችም፣ «ደህና የምትመስል» ነው ያለችው።

ሰኞ ዕለት ተመልሳ መጣች። ውጤቱን የያዘ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የሞቱት እናቶች ላይ በሽታው ትኩስ ነው፤ ስንጥባቸውና ጉበታቸው ሞልቷል። «ይቺ ግን» አለች፣ ጣቷን ወይዘሮ ላይ አድርጋ፣ «ይቺ ከሁሉም ቀድማ ነው የታመመችው። ስንጥቧ ድኗል፣ ጉበቷ ድኗል። ግን ጣፊያዋ፣ ኩላሊቷና አንጎሏ ውስጥ አሁንም ተቀምጧል። ችላው አልፋለች፤ ተሸክማዋለች። እያረፈች ደግሞ ወደ ውሃው ትለቀዋለች። ለመሆኑ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ኩሬ ውስጥ ያለችው?»

«እናቶቹ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ከዚህ ወጥተው አያውቁም» አለ አባዬ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጅቷን ይጠይቋት። እሷ ናት የምትጠብቃቸው።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። መነጽሯ ውስጥ ራሴን አየሁት፤ ትንሽ ነበርኩ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። አዎ ማለቴ ይሁን አይደለም ማለቴ እኔም አላውቅም፤ አባዬ ግን አዎ አድርጎ ወሰደው።

«እንግዲያ የእጅ ሥራ ነው፤ የዚያ ሰውዬ ነው» አለ።

«በመረብም ይተላለፋል፤ አይሆንም አልልም» አለች ሐኪሟ። ወረቀቷ ላይ «መረብ» ብላ ጻፈችና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረገች። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በማህበሩ አዳራሽ ትነግራቸዋለች። ከዚያ አባላቱ እጅ ያወጣሉ፤ ጋሽ ቋጠሮ ከእንግዲህ የማንም ኩሬ አጠገብ እንዳይደርሱ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ቀድሞ አስጽፎ መዝገብ ውስጥ አስቀምጦታል ይባላል። የጥያቄ ምልክቱን ማንም አያነበውም።

ትናንት ሆን ብዬ በመንገድ ዳር በኩል ሄድኩ። ጋሽ ቋጠሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የተማሪ ቦርሳ ይሰፋሉ። ልደበቅ ስል አዩኝ።

«ሬዲዮ! ባትሪ ጨርሰሽ ነው?»

«ደህና ዋሉ ጋሼ።»

«እናትሽ ጻፈች?»

«አዎ» አልኩ። ዋሸሁ። ከሰኔ ወዲህ አልጻፍሽም፤ ግን ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያ ነው የምለው። ጋሽ ቋጠሮ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ «ደግ» አሉ። ማመናቸውን አላውቅም።

አጠገባቸው ቆምኩ። ቦርሳው ላይ አንድ አሮጌ ቋጠሮ አለ፤ በጥፍራቸው፣ ከዚያም በጥርሳቸው ታገሉት፣ እምቢ አለ።

«አየሽ» አሉኝ፣ «ነገር ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። ይሄን የተናገረ ሰው መረብ ሠሪ መሆን አለበት። ቋጠሮ እርጥብ ሳለ በሁለት ጣት ይፈታል። ከደረቀ መቀስ ነው። መቀስ ከገባ ደግሞ ገመዱ ያጥራል፣ ሌላ ገመድ ትቀጥይበታለሽ፣ ቅጥሉ መቼም አያምርም።»

ስለ እኔ ይሁን ስለ ቦርሳው አልገባኝም። የሚያውቁ መሰለኝ። ባያውቁ ኖሮ ያን ቀን «ልጅቷን አታስጨንቃት» ለምን ይላሉ? ቦርሳውን ጨርሰው ክሩን በጥርሳቸው ሲቆርጡ እጃቸውን አየሁት። ንጹሕ ነው፤ ጥፍራቸው ሥር እንኳ ቆሻሻ የለም። ከዚያ ወዲህ አብዝተው ይታጠባሉ መሰለኝ፤ ቆዳው ተሰነጣጥቋል።

«ጋሼ» ብዬ ጀመርኩ። «አቤት የኔ ልጅ» አሉኝ። «ምንም» አልኩና ሄድኩ።

እማዬ፣ የሄድሽ ቀን ጠዋት «ለምንድን ነው የምትሄጂው?» ስልሽ «ሆድ ይፍጀው ልጄ» አልሽኝ። ደግሞ ሁልጊዜ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትይኝ ነበር። እኔም በዚሁ ኖርኩ፤ ለእኔ ደግሞ ከባድ አልነበረም፣ ተፈጥሮዬ ነው። ወይዘሮን ያዛወርኩ ጊዜም፣ እናቶቹ ሲሞቱም፣ ጋሽ ቋጠሮ ሲባረሩም ሆድ ይፍጀው አልኩ። ግን ሆድ አይፈጀውም እማዬ። እኔ ሆድ ተከፍቶ አይቻለሁ። የገባው ነገር አይቃጠልም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል እንጂ። መጀመሪያ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። አሁን እህል አይወርድልኝም፤ ስቆም ይደክመኛል፤ ሲመሽ አባዬ ሲያዋራኝ ምን እንዳለኝ አይሰማኝም። ላየኝ ሰው ደህና ነኝ። ደህና የምመስል።

አንቺም ሆድ የገባ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ከሰኔ ወዲህ ለምን እንደማትጽፊ አልጠይቅሽም። ልትመጪ ካልሆነም በዚህ ደብዳቤ ላይ እንድትመልሺልኝ አልፈልግም። ወይዘሮ እንደሞተች ግን ማወቅ አለብሽ። ከእንግዲህ የምቆጥረው የለኝም። አንቺም ያን ቃልሽን ተሸክመሽ እንዳትደክሚ ብዬ ነው። ቀላል ይሁንልሽ። በደንብ ተንፍሺ።

አባዬ ደህና ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል ግን አይናገርም። በመደርደሪያው ላይ ያለውን ሰማያዊ ኩባያሽን ማንም እንዲጠጣበት አይፈቅድም፤ ይህን እንደነገርኩሽ አትንገሪው። ያለሽበት ቤት ሙቀት ይስጥሽ፤ አሮጊቷም ይማሩልሽ፤ የሚያዝንልሽ ጎረቤት አይጥፋብሽ፤ እጅሽ ሥራ፣ ልብሽ ዕረፍት ይግባበት።

አሁን ከኩሬው ጠርዝ ቆሜ ስለማመድ ቆይቼ መጣሁ። ባዶ ኩሬ ጥሩ ነው፣ ሰው የሚለውን መልሶ ያሰማል። «ወይዘሮን ያዛወርኳት እኔ ነኝ።» አራት ቃል ነው። መጀመሪያ ስለው ድምፄ አልወጣም። በሰባተኛው አጥሩ ላይ የነበረ ወፍ በረረ።

ነገ ጠዋት አባዬ ቦት ጫማውን ለማጥለቅ ሲቀመጥ፣ ቶሎ መነሳት በማይችልበት ሰዓት፣ ለእሱ እነግረዋለሁ፤ ከሰው ፊት እንዳይሰማው። ከዚያ ጋሽ ቋጠሮን ከቤታቸው ይዣቸው ወደ አዳራሹ እሄዳለሁ። ሐኪሟ ወረቀቷን ስታነብ «የጥያቄ ምልክቱ ጋ ይቁሙልኝ» እላታለሁ፤ አራቱን ቃል ደግሜ እላቸዋለሁ። ኖራ ውሃውን ያፈሰስኩላቸው እኔ እንደሆንኩም እላለሁ። ትንፋሽ ካጠረኝ ይህን ደብዳቤ አውጥቼ አነበዋለሁ፤ ስለዚህ ፖስታ ቤት የምሄደው ከስብሰባው በኋላ ነው፣ ቢጨማደድ ይቅርታ አድርጊልኝ። አባዬ መልሶ «አንቱ» ሲላቸው እስክሰማ አልቀመጥም።

ከዚያ ተመልሼ የእናቶችን ኩሬ መዝጊያ ራሴ እከፍተዋለሁ። ሐኪሟ ደርቆ፣ ኖራ ተበትኖበት፣ ፀሐይ ካልመታው በስተቀር ሌላ ሕይወት አይገባበትም ብላለች።

ልጅሽ
ሬዲዮ